በቆቦ ፀሐይ የበረደች እግሬ

ቆቦን የሚያውቅ ሰው ይህን ስነግረው አያምነኝም። የማያውቃትም ስለማያውቃት አያምነኝም። ማን ቀረኝ እንግዲህ? የሆነ ሆኖ ልናገረው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ውሻ ጋሪ ሥር በሚደበቅበት፣ የአስፋልቱ ሬንጅ ከጫማ ሶል ጋር ተጣብቆ በሚነሳበት አገር፣ እኔ እግሬን በርዶኝ ካልሲ አድርጌ ከረምኩ። ሁለቱንም አይደለም፣ አንዷን ብቻ። ግራዬ እንደ አገሯ ሰው ትሞቃለች፤ ቀኜ ግን ብቻዋን ደሴ ወጥታ ጦሳ ተራራ ሥር ቤት የተከራየች ይመስል ቀዝቅዛ ትውላለች።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ በእግር የምትረገጥ ናት። በኮረንቲ የሚሰፉት ጎረቤቶቼ መብራት በሄደ ቁጥር እጃቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ እኔ እየረገጥኩ እሰፋለሁ። ስለዚህ እግር ለእኔ መሄጃ ብቻ አይደለችም፣ ልጆቼን ያሳደግኩባት ናት። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ፣ በሌላው ስትስቁ ይችን ነገር እንዳትረሱብኝ ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው ባቴ ላይ ነው። ከቤቴ እስከ ሱቄ በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። አንድ ጠዋት እንደ ወትሮዬ እየሄድኩ ሳለ የቀኝ ባቴን የሆነ ነገር በጉጠት ጨምድዶ ያዘኝ። ቆምኩ። መንገድ መሀል ያለ ምክንያት የቆመ ሰው ደስ ስለማይል ሲጋራ አውጥቼ ለኮስኩ። ሲጋራው ሳያልቅ ሕመሙ ድራሹ ጠፋ። ያኔ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመት ዕድሜዬ በተጠራቀመ ጥበብ፣ ሲጋራ ለባት ሕመም ፍቱን መድኃኒት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሕመሙን ያጠፋው መቆሜ እንጂ ማጨሴ አለመሆኑን፣ ማጨሴ ጭራሽ በሽታውን እንደሚቀልብልኝ ለመረዳት ስንት ወር እንደፈጀብኝ ሳስበው ራሴን በመዳፌ እመታለሁ።

በማግስቱ እዚያው ቦታ ያዘኝ። በሦስተኛውም ቀን እዚያው። መሬቱ ላይ ምልክት የተደረገበት ይመስል፣ ከቤቴ ወጥቼ የጎረቤቴ የሁሴን ጎማ መጠገኛ በር ላይ ስደርስ ጭምድድ ያደርገኛል፤ አርፌ ስሄድ ደግሞ ጨው ከሚሸጡት ከአያ እንድሪስ መደብ ፊት ለፊት ጭምድድ፤ ከዚያ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ጭምድድ። ሦስት ጊዜ ቆሜ፣ ሦስት ሲጋራ አጭሼ ሱቄ እገባለሁ። ስመለስም እንዲሁ።

ለሰው እንዳልናገር አፈርኩ። እዚህ አገር እኮ ሰባ ዓመት የሞላው ሽማግሌ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ከዞብል ተራራ ይወርዳል፣ ገበያ ይውላል፣ ገዝቶ ሸጦ በዚያው እግሩ ይመለሳል። እኔ ከቤቴ እስከ ሱቄ ሦስት ጊዜ አረፍኩ ብዬ ለማን ልንገር? ለደብሬ ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም። ግን ደግሞ አንድ ሰው በየቀኑ ሦስት ቦታ ተገትሮ ሲያጨስ ያስጠረጥራል። የወፍጮ ቤቱ ሴቶች እንደሆነ ሹክሹክታ ጀምረዋል። ስለዚህ ሌላ ምክንያት ፈለግኩ፣ ሰላምታም አገኘሁ።

በእኛ አገር ሰላምታ በቀላሉ አያልቅም። ሰውዬው ደህና ማደሩ ከታወቀ በኋላ ቤቱ ይጠየቃል፣ ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ከብቱ ይጠየቃል፣ ማሽላው ይጠየቃል፣ ከተራራው የወረደው ጎርፍ ማሳ መግባት አለመግባቱ ይጠየቃል። የሠለጠነ የከተማ ሰው ይህንን እያሳጠረ መጥቷል። እኔ አስረዘምኩት። ለክቼዋለሁ፤ ከብቱ ላይ ስደርስ ሕመሙ ጋብ ይላል፣ ማሽላው ላይ ስደርስ ይለቀኛል። የባሰብኝ ቀን የአማትየውንም ከብት እጨምራለሁ።

«እንዴት አደርክ ሁሴን? ቤተሰብ አማን ነው?»

«አልሃምዱሊላህ።»

«ልጆች?»

«አልሃምዱሊላህ።»

«ከብቶቹስ?»

«ምን ከብት አለኝ እኔ? ጎማ ነው ያለኝ!»

«የአባትህ ከብቶችስ?»

«አባቴ ከሞተ እኮ ስምንት ዓመቱ ነው። ቀብሩ ላይ ነበርክ።»

«አላህ ይማራቸው። ለመሆኑ ከብቶቹን ማን ወሰዳቸው?»

ሁሴን መፍቻውን እንደያዘ አፍጥጦ ያየኛል። እኔ በልቤ፣ ለቀቀኝ፣ ጎሽ፣ ልሂድ እላለሁ።

አያ እንድሪስ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ከዋጃ ወዲያ ካለ ገጠር ልጃቸው ዘንድ ከመጡ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ጨዉ እስከ ደረታቸው ተደርድሮ፣ እሳቸው ከጀርባው ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ጉልበታቸውን በጋቢ ሸፍነው ይውላሉ። የሳቸው ጥፋት ጥያቄን የምር መውሰዳቸው ነው። ከብቶቹስ ስላቸው «ደህና ናቸው» ብለው በመገላገል ፈንታ፣ ገጠር ወንድማቸው ጋ ስለተውዋት ቡሬ ስለምትባል ላም ይጀምራሉ፦ ስለ ወተቷ፣ ስለ አመሏ፣ ማን ሲያልባት እሺ እንደምትልና ማንን እንደምትራገጥ። እኔ ባቴን ነው የማዳምጠው። አፌ «አይ! እንዲህ ነው!» ይላል፣ ጆሮዬ ግን ከጉልበቴ በታች ነው።

ደግሞ ተቀይሜያቸው ነበር፣ ልናዘዝ። በእኛ ወግ ሰው ሰላም ሲልህ ብድግ ትላለህ። ባይሆን እንኳ ለመነሳት ትቃጣለህ፣ ሌላው «ኧረ በሞቴ አይነሱ» ይላል፣ ነገሩ በዚያ ያልፋል። አያ እንድሪስ ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ብድግ አላሉልኝም። አልተቃጡምም። ቤት ገብቼ ለደብሬ «ያ ጨው ሻጭ ምን ዓይነት ኩራተኛ ሽማግሌ ነው» ብያታለሁ።

ይኸው የባት ሕመም ስም አወጣልኝ። «እንደሱ ሰው የሚጠይቅ ሰው የለም» ተባለ። «እኔ እንኳ የረሳሁትን የአጎቴን በሬ ጠየቀኝ» ያለ አለ። በዚህ መሀል የሰፈራችን ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው መሆኑ ነው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድነት ሬሳ የሚያነሳበት ማኅበራችን፣ አዲስ ዳኛ ሊመርጥ ተሰበሰበ። እጅ ሁሉ እኔ ላይ ተነሳ። «አልችልም፣ እባካችሁ ተዉኝ» ብዬ ለመንኩ። ይህንንም ትሕትና ነው አሉት። ከቤቱ ሱቁ ለመድረስ ሦስት ጊዜ የሚያርፍ ሰው፣ ቀብር በወጣ ቁጥር ከፊት እየመራ እንዲሄድ ተሾመ።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ ደጃፋችን ጥላ ሥር ምንጣፍ አንጥፌ ጋደም ብያለሁ። ደብሬ አጠገቤ ማሽላ እየለቀመች በካርቶን ታራግባለች። እጇ ድንገት ቀኝ እግሬን ነካትና «ውይ!» ብላ ዘለለች።

«ምን ሆንሽ?»

«እግርህ እኮ ሬሳ ሆኗል!» አለች። ግራዬን ነካች፣ ተመልሳ ቀኜን ነካች። ከዚያ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሁለቱንም መዳፏን ቀኝ እግሬ ላይ አሳረፈችና «ለነገሩ ደስ ይላል፣ ቀዝቀዝ ያለ ነው» አለች።

ሱሪዬን ሰብስበን ሁለቱን እግሮች ጎን ለጎን መረመርን። የግራዬ ቅልጥም እንደ አባቶቼ ጠጉራም ነው። የቀኜ አንድ ጠጉር አልቀረበትም፣ ቆዳው ሳስቶ ያብለጨልጫል። የሰፋሁት ሱሪ ጠጉሬን የላጨኝ መስሎኝ በገዛ ሙያዬ አፈርኩ። ደብሬም የግራዬን ጥፍር ሁለት ጊዜ ስትቆርጥ የቀኜ ንቅንቅ እንደማይል አስታወሰች። እግሬን ሰቀል ሳደርጋት ትነጣለች፣ ወደ ታች ስትንጠለጠል በርበሬ ትመስላለች።

«ነገ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ» አለችኝ።

«ቆቦ ላይ በረደኝ ብዬ? ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ። ስቀው ይድረሱልህ።»

በማግስቱ ሐኪም ቤት በመሄድ ፈንታ ሁሴን ዘንድ ሄድኩ። ሁሴን የመኪና ጎማ ነው የሚጠግን፤ ግን ስለ በሽታ ጠይቁትና አላውቅም ሲል ከሰማችሁት ንገሩኝ። «ብርድ ነው» አለኝ። «ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ እየረገጥክ ምን ይሁን ታዲያ? ጨው በደንብ አግለህ፣ በጨርቅ ቋጥረህ አድርግበት። ብርዱ ይወጣል። አብሽር!»

አያ እንድሪስ ጋ ሄጄ አሞሌ ጨው ጠየቅኩ።

«ለምንህ ነው?» አሉኝ።

ለእግሬ ነው ብል ምን ነበረበት? አንዲት ቃል ናት። ያችን ቃል ብናገር ኖሮ ዛሬ ይህንን ወግ አልጽፍም ነበር። እኔ ግን «ለከብት» አልኩ።

ፊታቸው በራ። «ከብት አለህ እንዴ? ይህን ሁሉ ቀን የኔን ስትጠይቅ ያንተን ሳልጠይቅ! ስንት ናቸው?»

«ሁለት።»

«ስማቸውስ?»

«ዳለቻና... ሌላዋም ዳለቻ።»

«ሁለቱም?»

«መንታ ናቸው።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ አያ እንድሪስ በየጠዋቱ ሁለቱን ዳለቻዎቼን ይጠይቁኝ፣ ዱዓም ያደርጉላቸው ጀመር። የሌለ ከብት እንደኔ ከብት የተመረቀ የለም።

ጨዉን ብረት ድስት ላይ አጋልኩ፣ ቋጠርኩ፣ የቀኝ እግሬን አውራ ጣት ደገፍ አድርጌ አሰርኩበት። ሙቀት አልተሰማኝም። እስኪሰማኝ ልጠብቅ ብዬ ቆየሁ። አሁንም ምንም የለም። ጨዉን እንደገና አግዬ አሰርኩ። ደብሬ ከጓዳ «ምን ያረራል?» ብላ ስትወጣ ያረረው እኔ ነበርኩ። አውራ ጣቴ ላይ ትልቅ ውኃ ቋጥሯል፤ እኔ ግን ትንኝ የነካኝ ያህል እንኳ አልተሰማኝም። በዚያን ጊዜ መደንገጥ ነበረብኝ። እኔ ግን ባለመታመሜ ተደሰትኩ።

ቁስሉ አልድን አለ። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ወር ሞላው። ግራ እጄን መቀስ ሲቆርጠኝ በአምስት ቀን የምድን ሰውዬ፣ ያች ጣት ግን ጠርዟ እየጠቆረ ሄደ። ካልሲ ደረብኩባት። ለደብሬ ድኗል አልኳት። መኪናዬን በግራ እግሬ ብቻ መርገጥ ጀመርኩ፣ ስፌቱም ተንሻፈፈ። አንድ ደንበኛ ያስጠበባትን ሱሪ ለብሶ መስታወት ፊት ቆመና «አንዱ እግር ከአንዱ ይሰፋል» አለኝ። በልቤ፦ የኔስ?

በዚህ ላይ ሰው ሞተ። የቅሬያችን አባል የነበሩ ሙስሊም ሽማግሌ ናቸው። ጀናዛ ሲነሳ ፈጠን ፈጠን ተብሎ ነው የሚሄደው፣ መንገድ ላይ አይቆምም። እኔ ዳኛው ከፊት ነኝ። ሱቆቹን እንዳለፍን ባቴ ጨመደደኝ። ጥርሴን ነክሼ አሥር እርምጃ ያህል ጎተትኳት። ከዚያ በላይ አልቻልኩም፣ ቆምኩ። እኔ ስቆም የተሸከሙት ቆሙ፤ እነሱ ሲቆሙ ሕዝቡ ሁሉ ቆመ።

«ምንድን ነው?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ዳኛው ቆመ።»

«ለምን?»

«እኔ እንጃ። ዝም በል።»

ሼኹ ጠጋ ብለው በጆሮዬ «ልጄ፣ ጀናዛ አይቆምም» አሉኝ። ላስረዳቸው አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። ከሕመሙ ነው፣ ከሌላ አይደለም። የሟች ልጆች አዩኝ። «አባታችንን እንዲህ ይወደው ነበር!» ብለው እሪ አሉ። ሕዝቡ አነባ። የማላውቀው ሰው አቀፈኝ። ከሟቹ ጋር በሕይወቴ ሁለት ቀን ብንነጋገር ነው፣ ያውም ስለ በሬያቸው። ቀብሩ አልቆ ቤቴ ስገባ ከራሴ ጋር መኖር ጠላሁ። አንድን ሰው በመጨረሻ መንገዱ ላይ ለባቴ ስል አቁሜው ነበር።

ከዚያ ወዲያ በእግሬ መሄድ ተውኩ። ጠዋት ባጃጅ ደጄ ትመጣለች፣ ማታ ትመልሰኛለች። እፎይ አልኩ። ሁሴንን በእጄ ሰላም እያልኩ አልፋለሁ፣ አያ እንድሪስን በእጄ፣ ወፍጮ ቤቱን በእጄ። ነገሩ የተፈታ መሰለኝ። የኛን አገር ረስቼ ነው። በኛ አገር ሰላምታህን ያሳጠርክበት ሰው የተጣላኸው ሰው ነው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ደብሬ ከወፍጮ ቤት ዱቄቷን ተሸክማ እያለቀሰች ገባች።

«ባልሽ ሹመት ሲያገኝ ሰው ናቀ አሉኝ። ከባጃጅ ላይ እንደ ባለሥልጣን እጁን ያውለበልባል አሉኝ። ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ምንም ያልሆነ ሰው እንዲህ አይሆንም።»

ሁሴን ጭራሽ ማኩረፍ ጀመረ። ከብቱን እስክጠይቀው ናፈቀ መሰለኝ። በመጨረሻ ነገሩ ከረረና አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ቤቴ መጡ። ከማን ጋር እንደተጣላሁ አላውቅም፤ እነሱ ግን ያውቁ ነበር። የቅሬያችን ሁለት ሽማግሌዎች ቀድመው ገቡ። ሁሴን አኩርፎ ተከተለ። ከውጭ ደግሞ የባጃጅ ድምፅ ተሰማ። ከባጃጇ ክራንች ወጣ፤ ሌላ ክራንች ወጣ፤ ከዚያ አንድ እግር ወጣ፤ ከዚያ አያ እንድሪስ ወጡ። ሌላ እግር አልወጣም። የቀኝ ሱሪያቸው ከጉልበት በላይ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል።

እኔ መደቡ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጣቴ ከጠቆረች ወዲህ ስረግጣት ስለምታመኝ አልተነሳሁም። እሳቸው በአንድ እግራቸው ቆመው እጃቸውን ዘረጉልኝና «እንዴት ዋልክ? ቤቱ አማን ነው?» አሉኝ። ስድስት ወር ሙሉ፣ ብድግ አላሉልኝም ብዬ የተቀየምኳቸው ሰው ናቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ሲሚንቶዋም አይቆጨኝም ነበር።

«ምን አድርጌው እንደሆነ ይንገረኝ» አሉ አያ እንድሪስ ለሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ። «እኔ እዚህ አገር እንግዳ ነኝ። ልጄ ጠዋት ሥራዋ ትሄዳለች። ጨው ገዢው ጨዉን ይጠይቃል እንጂ እኔን አይጠይቅም። ቆሞ የሚጠይቀኝ ይኸ ሰው ብቻ ነበር። እሱ ሳይመጣ ቀኔ አይጀምርም ነበር፣ ወላሂ። እርግጥ አንዳንዴ ልቡ ሌላ ጋ ነው። ቡሬ በጎርፍ እንደሞተችብኝ ሦስት ቀን ነገርኩት። በአራተኛው ቀን መጥቶ ቡሬስ እንዴት አደረች አለኝ። ቢሆንም ጠየቀኝ። አሁን ያንንም ተወ።»

 አንደኛው ሽማግሌ «በል እንጂ፣ ቂምህን አውጣው» አሉኝ።

«ቂም የለኝም» አልኩ። «ከብትም የለኝም።»

አያ እንድሪስ ክው አሉ። «ዳለቻዎቹ ሞቱ?»

«ከመጀመሪያውም አልነበሩም አያ። ዋሽቼዎት ነው።»

«ታዲያ ጨዉ?»

«ለእግሬ ነበር። ስለበረደችኝ።»

 ሁሴን ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። አያ እንድሪስ ስለ ውሸቴ አንዲት ቃል አልተናገሩም።

«የትኛዋ?» ነው ያሉት።

«ቀኟ።»

«አውልቃት።»

ካልሲዬን አወለቅኩ። ደብሬ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። አያ እንድሪስ ብቻ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ጀርባ እግሬን ነኩ፣ ከዚያ ግራዬን፣ ከዚያ ተመልሰው ቀኜን።

«ስትሄድ ባትህን ይይዝሃል?»

«አዎ።»

«ስትቆም ይለቅሃል?»

«አዎ።»

«ለዚህ ነበር የምትቆመው?»

ራሴን ነቀነቅኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ቀን ያፈርኩበት ቀን የለም። አያ እንድሪስ እግሬን ሳይለቁ ቀና አሉ።

«ትንባሆ ትስባለህ?»

«አዎ።»

«እኔም ነበርኩ። የኔም እንዲሁ ጀመራት። በረደችኝ ብዬ ከእሳት ዳር አስቀመጥኳት። ስትቃጠል አልነገረችኝም። ይድናል፣ ይድናል ስል ሐኪም ቤት ስደርስ እስከዚህ» አሉና መዳፋቸውን ታፋቸው ላይ አሳረፉ። «ከማን ጋር ነው ስድስት ወር ስታወራ የነበርከው? ምነው አንድ ቀን ብትነግረኝ?» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «እርቁ ይቆይ። ባጃጇ ደጅ ናት። አሁኑኑ ውሰዱት!»

ጤና ጣቢያ ያገኘኋት ሲስተር የእግሬን ጀርባ በሁለት ጣቷ ዳሰሰች። ከቁርጭምጭሚቴ ኋላ ዳሰሰች። ግራዬን ዳስሳ ወዲያው አገኘች፣ ቀኜን እንደገና ዳስሳ አላገኘችም። «ምን ጠፋብሽ?» አልኳት። «የደም ትርታ» አለችኝ። ሰው ቁልፍ ይጠፋበታል፣ ሰው ፍየል ይጠፋበታል፤ እኔ ትርታ ጠፋብኝ። በዚያው ቀን ወደ ደሴ ተላክሁ።

እዚያ ያየኝ ሐኪም ሰው የሚገባው ቋንቋ ይናገራል። ወደ እግሬ የሚወርደው የደም ሥር በስብና በሲጋራ ጠቦ ደሙ እያጠረኝ ኖሯል። ባቴ ስሄድ የሚጮኸው ደም አነሰኝ ብሎ ነው። ጠጉሩ የረገፈው፣ ጥፍሩ አላድግ ያለው፣ ቁስሉ አልድን ያለው፣ እግሬ በቆቦ ፀሐይ የቀዘቀዘችው ሁሉ በዚሁ ነው። የበለጠ ያስደነገጠኝ ሌላው ንግግሩ ነው። የእግር ሥር የጠበበበት ሰው የልቡና የአንጎሉ ሥርም አያስተማምንም፤ እግር ቀድሞ የሚናገር ነው አለኝ። እኔ ደግሞ የሚናገረውን እግር ካልሲ አልብሼ አፉን ዘግቼ ነበር።

አውራ ጣቴ ቀረች። አልቅሼባታለሁ፣ አልዋሽም። መኪናዬን የምታስነሳልኝ ያቺው ጣት ነበረች። የተረፈው እግር ይተርፍ እንደሆን ስጠይቀው ሐኪሙ እርግጡን አልነገረኝም። መድኃኒት ሰጠኝ፣ ሲጋራን ዳግመኛ እንዳልነካ አስማለኝ፣ እግሬን በየቀኑ እንድመረምራት፣ በእሳትም በጨውም እንዳላሞቃት አስጠነቀቀኝ።

«ከዚህ ሌላ ደግሞ ቁስልህ ሲድን ትሄዳለህ» አለኝ።

«እንዴት አድርጌ?»

«ባትህን እስኪይዝህ ሂድ። ሲይዝህ ቁም። ሲለቅህ እንደገና ሂድ። በየቀኑ።»

 በባጃጅ ከመሄዴ በፊት ሳደርገው የነበረው እኮ ይኸው ነበር! ያለ ሲጋራው፣ ያለ ውሸቱ፣ ያለ ጨዉ ቢሆን ኖሮ ሳላውቀው ራሴን ሳክም ነበር። እዚያ አልጋ ላይ ሆኜ እንደሳቅኩት በሐዘን ሲሳቅ አይታችሁ አታውቁም።

አሁን በእግሬ እሄዳለሁ። ተስፋ አለህ ወይ ብትሉኝ ብዙም የለኝም። በኔ ቦታ ሌላ ዳኛ ከመረጡ ወር አለፋቸው፣ መኪናዬንም በግራ እግር መርገጥ እስክለምድ ስፌቴ እንደተንሻፈፈ ነው። ሰላምታዬንም የሚያምነኝ የለም፤ ከተማው ሁሉ ጉዴን ሰምቷል። ወፍጮ ቤት በር ላይ «እንዴት አደራችሁ» ስል ሴቶቹ «ኧረ ዝም ብለህ እረፍ» ይሉኛል። ሁሴን አሮጌ ጎማ አውጥቶ «ተቀመጥ፣ ከብት ግን እንዳትጠይቀኝ» ይለኛል። ጨው አግል ስላለኝ ሳይጨንቀው አይቀርም፤ በየቀኑ ያቺን ጎማ ይጠርግልኛል።

አያ እንድሪስ ፊት ለፊት ስደርስ ዛሬም ባቴ ያዘኝ። እሳቸው ቀድመው «እግርህስ?» አሉኝ።

«አለች።»

«ግራዋስ?»

«ትሞቃለች።»

«አልሃምዱሊላህ።»

ከዚያ የኔ ተራ ሆነ። ምን ልበላቸው? ቤቱን ጠየቅኩ፣ ልጃቸውን ጠየቅኩ። ከብቶቹስ ልል አፌን ስከፍት ተውኩትና «አያ፣ ቡሬ እንዴት ነበር የሞተችው?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉና ከመጀመሪያው ጀመሩ፦ ደመናው ዞብል ላይ እንዴት እንደከበደ፣ ወንድማቸው ከብቱን ለማውጣት እንዴት እንደሮጠ፣ እሳቸው እዚህ ጨው ኋላ ተቀምጠው እንዴት መሮጥ እንዳልቻሉ። በወጋቸው ጎርፉ ገና ማሳው አልደረሰም። ባቴ ከለቀቀኝ ቆይቷል። አልሄድኩም።